እግር ላይ የሚወጣው የሸረሪት ድር፦ ከየት እንጀምር?

ገላዬን ታጥቤ እግሬን ሳደርቅ ነው ያየሁት። ከጉልበቴ ጀርባ፣ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ቀጫጭን ሰማያዊ መስመሮች። እስክሪብቶ የነካኝ መሰለኝ። በሳሙና አሸሁት። አልለቀቀም። በጥፍሬ ጫር ጫር አደረግሁት። ወይ ፍንክች!

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ሁሉ ከጅራቱ የጀመረ ነበር። መጀመሪያ ክሬም ገዛሁ። ክሬሙ ጠብ የሚል ነገር ሲያጣ ስለ ሌዘር መጠየቅ ጀመርኩ። «ለመሆኑ ይሄ ነገር ምንድን ነው?» ብዬ ሐኪም ዘንድ የሄድኩት መጨረሻ ላይ ነው። ሐኪሟ ደግሞ ከሁሉም በፊት ያደረገችው እግሬን አስቁማ ማየት ነበር። እኔ ቤቴ ውስጥ በነፃ ላደርገው የምችለው ነገር! ከታች ያለው መመሪያ ያኔ ገልብጬ የሄድኩበት መንገድ ነው፤ አሁን ግን በተራው።

በቅድሚያ፣ ምን እንደሆነ

ደም ከልብ ወደ እግር የሚወርደው በደም ቅዳ ነው። ቁልቁለት ነው፣ ልብም ትገፋዋለች፣ ብዙ አይቸገርም። የሚመለሰው በደም መልስ ነው። ይሄኛው ዳገት ነው። ዳገቱን የሚያስወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የባት ጡንቻ ነው፤ በተራመድን ቁጥር ደም መልሱን ጨመቅ እያደረገ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል። ሁለተኛው በደም መልሶቹ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን በሮች ናቸው፤ ሐኪሞች ቫልቭ ይሏቸዋል። ደሙን ወደ ላይ ያሳልፉና ተመልሶ እንዳይወርድ ይዘጋሉ።

ዝም ብለን ስንቆም ቁርጭምጭሚት አካባቢ ያለው የደም መልስ ግፊት ከ80 እስከ 90 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል። መራመድ ስንጀምር ከ30 በታች ይወርዳል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ወደ ታች ስንሄድ ይጠቅመናል።

የሸረሪት ድር የምንለው ቆዳ ሥር ያሉት እጅግ ቀጫጭን ደም ሥሮች ሰፍተው ሲታዩ ነው። አንዳንዴ ከበስተጀርባው በሩ በደንብ የማይዘጋ፣ ደም ወደ ኋላ የሚያፈስ ትልቅ ደም መልስ አለ። ብዙ ጊዜ ግን ብቻውን ነው የሚወጣው። እናት ወይም አባት ላይ ካለ፣ ዕድሜ ሲገፋ፣ በእርግዝና ጊዜ፣ በሆርሞን ለውጥ፣ ክብደት ሲጨምር፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ በሚሠራ ሰው ላይ፣ አንዳንዴም ተመትቶ የነበረ ቦታ ላይ ይታያል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ ይበዛል። እግር አጣጥፎ መቀመጥ ያመጣዋል የሚባለው ግን አስተማማኝ ማስረጃ የለውም። በዚህ ራሳችሁን አትውቀሱ።

ለጤና የሚያሰጋ ነገር ነው? ድሩ ብቻውን ከሆነ፣ አይደለም። ምንም ሳያደርጉለት መተው ይቻላል። ይህም ራሱን የቻለ ውሳኔ ነው፤ ማንም ሰው እግሩን «ለማሳመር» ግዴታ የለበትም።

1ኛ፦ ቁሙና እዩ

ተኝታችሁ ወይም ተቀምጣችሁ አትዩት። ደም መልስ የሚሞላው ስንቆም ነው። ጠዋት ወይም ከሰዓት፣ የቀን ብርሃን በሚገባበት መስኮት አጠገብ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆማችሁ ቆዩ። ማስመሪያ ያዙ። ከኋላ ያለውን የሚያይላችሁ ሰው ካለ ጥሩ፤ ከሌለ ስልክ አለ።

ከ1 ሚሊሜትር የቀጠነው፣ ክር የመሰለው፣ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ መስመር የሸረሪት ድር ነው። ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር የሚሆነው፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቢጤ፣ ቆዳውን ሳያሳብጥ ከሥር የሚታየው መጋቢ ደም ሥር ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ድሩ ከእሱ ላይ እንደ ቅርንጫፍ ይነሳል። 3 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆነው፣ የተጠማዘዘው፣ በጣት ሲዳስሱት እንደ ገመድ የሚጎረብጠው ደግሞ ቫሪኮስ ይባላል። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ምርመራ ይፈልጋል።

ቆዳችሁ ጠቆር ያለ ከሆነ ቀይ መስመር አትጠብቁ። ድሩ ጥቁር ወይን ጠጅ ወይም ቡናማ ጥላ መስሎ ነው የሚታየው። እንዲህ ከሆነ ከማየት ይልቅ መጫን ይረዳል። ንጹሕ ብርጭቆ አንስታችሁ በስሱ ቦታው ላይ ተጫኑት። ደም ሥር ከሆነ በብርጭቆው ሥር ይደበዝዛል፣ ስትለቁት ይመለሳል። የደም መቋጠር ወይም የቆዳ ቀለም ከሆነ ቢጫኑትም ያው ነው። ከመመታት የመጣ መበለዝ ከሆነ ደግሞ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቀለሙን እየቀያየረ ይጠፋል፤ ድር አይጠፋም።

ቦታውንም መዝግቡ። የጭን ውጭ በኩልና የጉልበት ጀርባ የተለመዱ ናቸው። ግን ከቁርጭምጭሚት ውስጠኛው አጥንት በታች፣ እንደ ማራገቢያ የተበተነ የጥቃቅን ደም ሥሮች ክምችት ካያችሁ ዝም አትበሉ። ይህ ቦታ ከላይ ያለው ትልቅ ደም መልስ ወደ ኋላ እያፈሰሰ መሆኑን ሊጠቁም ይችላል። ሐኪሞች ከተራ የሸረሪት ድር ለይተው፣ ከፍ ያለ ደረጃ ላይ ነው የሚመድቡት።

በመጨረሻ ፎቶ አንሡ። ተመሳሳይ ቦታ፣ ተመሳሳይ ሰዓት፣ ማስመሪያው አጠገቡ ሆኖ። እኔ ይሄን ባለማድረጌ «ተባብሷል ወይስ ዓይኔ ነው?» እያልኩ ዓመት ፈጅቻለሁ።

2ኛ፦ ሐኪም የሚያስፈልግበትን ለዩ

በአስቸኳይ፣ ዛሬውኑ የሚኬድበት ይህ ነው፦ አንድ እግር ብቻ በድንገት ካበጠ፣ ባቱ ካመመ፣ ከጋለ ወይም ቀለሙ ከተቀየረ። ጥልቅ ደም መልስ ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ ወይም ደም ካሳለ፣ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ስለሚችል ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። እግራችሁን እያሻሻችሁ እንዳትቀመጡ።

በቀጠሮ የሚታየው ደግሞ፦ ማታ ማታ የሚያብጥና ካልሲ ሰርጉዶ ምልክት የሚተውበት እግር፣ ከባድነትና ማሳከክ የማይለቀው፣ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ቆዳው እየጠቆረና እየደረቀ የመጣ፣ ወይም የማይድን ቁስል ያለበት። ቫሪኮስ ያገኛችሁም እዚህ ውስጥ ናችሁ።

አንዳንዴ ቆዳው ላይ ያለ ድር ተነክቶ ሊደማ ይችላል። ከመጠኑ በላይ ያስደነግጣል። ተኙ፣ እግሩን ከልብ በላይ ከፍ አድርጉ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሳትለቁ 10 ደቂቃ ተጫኑት። «ቆመ ወይ?» እያላችሁ በየደቂቃው ማንሣት ነው የሚያበላሸው። ካልቆመ ሕክምና ቦታ ሂዱ፤ ቢቆምም በሌላ ቀን አሳዩት።

ሌላ የሚምታታ ነገር አለ። ደረት፣ አንገት ወይም ፊት ላይ፣ መሐሉ ቀይ ነጥብ ሆኖ እግሮቹ ዙሪያውን የሚዘረጉ፣ ነጥቡን ሲጫኑት ሁሉም የሚጠፉ፣ ሲለቁት ከመሐል ወደ ዳር የሚሞሉ ካሉ፣ እሱ የእግር ድር ዘመድ አይደለም። አንድ ሁለት ቢሆን ጤነኛ ሰው ላይም፣ በእርግዝና ጊዜም ይታያል። በርከት ብሎ ሲመጣ ግን የጉበት ችግር ምልክት ሊሆን ስለሚችል የደም ምርመራ ያስፈልጋል።

3ኛ፦ ባትን ሥራ ማስያዝ

ያን ቁጥር አስታወሳችሁት? ቆሞ 80፣ ተራምዶ ከ30 በታች። ሚስጥሩ ያለው እዚያ ነው። ባት ሲሠራ እግር ይቀለዋል። ይህ ያለውን ድር አያጠፋም፤ ማንም ያጠፋል ቢላችሁ አትመኑ። ክብደቱን፣ ማቃጠሉን፣ የማታውን ድካም ግን ይቀንሳል።

ቆሞ የሚሠራ ሰው እንዲህ ያድርግ። የሆነ ነገር ደገፍ ብላችሁ፣ ተረከዛችሁን ቀስ ብላችሁ አንሡ፣ በጣቶቻችሁ ቁሙ፣ እስከ ሁለት ቁጠሩ፣ ቀስ ብላችሁ አውርዱ። 15 ወይም 20 ጊዜ። በየሰዓቱ ብትደግሙት ሰው እንኳ አያስተውላችሁም። ተቀምጦ የሚሠራ ደግሞ ተረከዙን መሬት ላይ ተክሎ ጣቶቹን ወደ ላይ፣ ከዚያ ጣቶቹን ተክሎ ተረከዙን ወደ ላይ ያድርግ። በጠባብ ወንበር ረጅም ጉዞ ለሚሄድ ሰውም ይኸው ይሠራል።

ቤት ስትገቡ እግራችሁን ከልብ በላይ አንሡ። ሶፋ ላይ ተቀምጦ እግርን በርጩማ ላይ መስቀል አይበቃም፤ ከልብ በታች ነውና። ጀርባችሁ ላይ ተኝታችሁ እግራችሁን ትራስ ላይ ወይም ግድግዳ ላይ አሳርፉ። 15 ደቂቃ ይበቃል። ሁልጊዜ ከፍ ያለ ሂል የሚያደርጉ ሴቶች ቢያንስ ቀን ቀን ዝቅ ወዳለው ይቀይሩ፤ በሂል ባት እንደልቡ አይሠራም።

4ኛ፦ ካልሲው

ኮምፕሬሽን ካልሲ ይባላል። እግርን ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ አድርጎ ይዞ፣ ወደ ላይ እየላላ የሚሄድ ነው። ብዙ ሰው ገዝቶ አንድ ቀን ያደርገውና መሳቢያ ውስጥ ይወረውረዋል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የካልሲው ሳይሆን የአለባበሱና የልኩ ነው።

ልኩ የሚወሰደው ጠዋት፣ እግር ሳያብጥ ነው። ቁርጭምጭሚት ከአጥንቱ በላይ በጣም የሚቀጥንበትን፣ ባት በጣም የሚወፍርበትን፣ ከወለል እስከ ጉልበት እጥፋት ያለውን ርዝመት በሜትር ለኩ። በጫማ ቁጥር ብቻ የሚሸጥላችሁን ተዉት። ጥንካሬው በሚሊሜትር ሜርኩሪ ይጻፋል፤ የደም ግፊት በሚለካበት መለኪያ ማለት ነው። ለድካምና ለቀላል እብጠት ከ15 እስከ 20 ያለው ይበቃል። ከ20 እስከ 30 ያለውን በሐኪም ምክር ያዙ።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ማስጠንቀቂያ። ስኳር ታማችሁ እግራችሁ የሚደነዝዝ ከሆነ፣ ስትራመዱ ባታችሁን ይዟችሁ ስትቆሙ የሚለቃችሁ ከሆነ፣ ወይም የልብ ድካም ካለባችሁ ሐኪም ሳትጠይቁ አታድርጉት። ደም ወደ እግር መውረዱ ራሱ የተቸገረ ሰው ላይ ጠባብ ካልሲ ጉዳት ያመጣል።

አለባበሱ እንዲህ ነው። ከአልጋ ሳትወርዱ ወይም እንደወረዳችሁ ይለበሳል። ቆዳው ደረቅ ይሁን፤ ቅባት የምትቀቡ ከሆነ ማታ ተቀቡ። እጃችሁን ካልሲው ውስጥ አስገብታችሁ ተረከዙን ያዙና እስከ ተረከዙ ድረስ ገልብጡት። ጣቶቻችሁን አስገቡ፣ የካልሲው ተረከዝ በእናንተ ተረከዝ ላይ በትክክል ይቀመጥ። ከዚያ የቀረውን በጥቂት በጥቂቱ በመዳፍ እያሻሻችሁ ወደ ላይ አውጡ። ጫፉን ይዞ በአንድ ጊዜ መጎተት ጥፍርም ይሰብራል፣ ካልሲም ይቀድዳል። የሳህን ማጠቢያ የላስቲክ ጓንት ብታደርጉ ሥራው በግማሽ ይቀልላችኋል። ይሄን ዘዴ ያገኘሁት ሁለት ጥንድ ካልሲ ከቀደድኩ በኋላ ነው።

ጫፉ ከጉልበት እጥፋት ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ይቁም። ረዘመ ብላችሁ አትጠቅልሉት። የተጠቀለለው ጫፍ እግርን እንደ ገመድ ያስርና ደሙን እዚያው ያግደዋል፤ ሊረዳችሁ የመጣው ጠላት ይሆናል። ጣት ከደነዘዘ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ወዲያው አውልቁ። ማታ ሲተኛ ይወልቃል። በለብታ ውሃ በእጅ ታጥቦ ጥላ ውስጥ ይሰጣል። ላስቲኩ እየላላ ስለሚሄድ በየ3 እስከ 6 ወሩ መቀየር አለበት። ያለ ምንም ትግል የሚለበስ ካልሲ ካላችሁ ጊዜው አልፎበታል ማለት ነው።

ገንዘብ የማይወጣበት

ክሬም የሰፋ ደም ሥር አያጠፋም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ቆዳ ያለሰልስ፣ ማሳከክ ያስታግስ ይሆናል፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። ኮምጣጤ መቀባት፣ በኃይል ማሸት፣ ፈሳሽ ጠጥቶ «ደም ሥር ማጽዳት» የሚባሉትም እንዲሁ። መሸፈን ከፈለጋችሁ ለእግር የሚሆን ፋውንዴሽን አለ፤ ቢያንስ እሱ የማይሠራውን ሠራሁ አይልም።

5ኛ፦ ማስጠፋት ከፈለጋችሁ

እግር ላይ ላለ ድር ብዙ ጊዜ የሚመረጠው በመርፌ የሚሰጠው ሕክምና ነው፤ ስክሌሮቴራፒ ይባላል። ሐኪሙ በጣም ቀጭን መርፌ ደም ሥሩ ውስጥ ያስገባና መድኃኒት ይረጫል። መድኃኒቱ የደም ሥሩን የውስጥ ግድግዳ ያስቆጣዋል፤ ግድግዳው ተጣብቆ ይዘጋል፤ ከዚያ ሰውነት ቀስ በቀስ ያስወግደዋል። በሰፊው ከሚሠራባቸው መድኃኒቶች አንዱ ፖሊዶካኖል ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ፈቃድ ሲሰጠው 0.5 በመቶውን ለሸረሪት ድር፣ 1 በመቶውን ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ለሆኑት ነው ያለው። መርፌው ቆንጠጥ ያደርጋል፣ ትንሽ ያቃጥላል። የሚቻል ነው።

«ደም ሥሬ ከተዘጋ ደሙ በየት ሊሄድ?» ብዬ ጠይቄ ነበር፤ እናንተም ትጠይቃላችሁ። እነዚህ ቀጫጭኖች ለደም ዝውውሩ የሚፈይዱት ነገር የለም። ደሙ በሌሎቹ፣ በጤነኞቹ በኩል ይሄዳል።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው እርምጃ መጋቢ ደም ሥር ወይም ቫሪኮስ አይታችሁ ከሆነ፣ መጀመሪያ መታከም ያለበት እሱ ነው። እሱ ደም እያፈሰሰ ላዩን ያለውን ድር መዝጋት፣ ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል እንደመወልወል ነው። ስለዚህ እግራችሁ የሚያብጥ፣ የሚከብድ ወይም ቫሪኮስ ያለበት ከሆነ መርፌው ከመነሳቱ በፊት ዶፕለር አልትራሳውንድ መደረግ አለበት። ቆማችሁ ነው የሚታየው፣ አያምም፣ ደሙ ወዴት እንደሚሄድ በስክሪን ላይ ያሳያል። ሳያስቆም፣ ሳይዳስስ፣ ሳይጠይቅ በቀጥታ ዋጋ የሚነግራችሁ ቦታ ካጋጠማችሁ ተነሥታችሁ ውጡ።

ጥያቄዎቹን ይዛችሁ ሂዱ። ማን ነው መርፌውን የሚሰጠው፣ ሐኪም ነው ወይ? መድኃኒቱ ምንድን ነው? ስንት ዙር ይፈጃል? የእኔን ዓይነት የቆዳ ቀለም ስንት ጊዜ አክመዋል? ከእናንተም መነገር ያለበት አለ፦ ነፍሰ ጡር መሆን፣ ማጥባት፣ ከዚህ በፊት ደም ረግቶ መታከም፣ የሆርሞን ክኒን፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ አለርጂ። ነፍሰ ጡሮች ይጠብቁ። በእርግዝና የመጣ ድር ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት በራሱ ሊቀንስ ስለሚችል መቸኮል ትርፉ ገንዘብ ማባከን ነው።

ስለ ጉዳቱም በግልጽ እናውራ። መርፌው ያረፈበት መስመር ቡናማ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ከደሙ የወጣ ብረት ቆዳ ውስጥ ሲቀመጥ ነው፤ አብዛኛው በወራት ውስጥ፣ አንዳንዱ እስከ ዓመት ቆይቶ ይደበዝዛል። በታከመው ቦታ ዙሪያ ከበፊቱም የቀጠኑ አዳዲስ ቀይ ድሮች ሊወጡ ይችላሉ። መድኃኒቱ ከደም ሥሩ ውጭ ከፈሰሰ ቁስል ያመጣል። ጥልቅ ደም መልስ ውስጥ ደም መርጋትና ከባድ አለርጂ በጣም አልፎ አልፎ ያጋጥማሉ፤ ለዚህ ነው የውበት ሳሎን ሥራ የማይሆነው።

ሌዘር ሁለተኛው አማራጭ ነው። ለፊት ጥሩ ይሠራል፤ እግር ላይ ግን ብዙ ጊዜ መርፌው ይበልጠዋል። ጠቆር ያለ ቆዳ ያላችሁ አንድ ነገር አጥብቃችሁ ጠይቁ፦ የሌዘሩን የሞገድ ርዝመት። እንደ 532 እና 595 ናኖሜትር ያሉት ጨረሮች የቆዳችንን ቀለም ራሱን ስለሚመቱ ቃጠሎና ነጭ ወይም ጥቁር ጠባሳ የመተው ዕድላቸው ይጨምራል። 1064 ናኖሜትር የሆነው፣ ኤንዲ ያግ የሚባለው፣ ወደ ውስጥ ጠልቆ ስለሚገባ ለጥቁር ቆዳ የተሻለ ነው። እሱም ቢሆን በማይታይ ትንሽ ቦታ ላይ ተሞክሮ ነው መቀጠል ያለበት።

ፊት ላይ ላለው ድር አንድ ቃል ልጨምር። ፀሐይ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ስቴሮይድ ያለበትን ቅባት፣ በተለይ ፊት ለማቅላት ተብሎ የሚሸጠውን፣ ለወራት መቀባት ነው። ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ደም ሥሮቹ ይገለጣሉ። እዚህ ላይ ከሌዘሩ በፊት ቅባቱ መቆም አለበት፤ ለረጅም ጊዜ ተቀብታችሁ ከሆነ ግን ድንገት ሲቆም ፊት ስለሚቆጣ በቆዳ ሐኪም እየታዩ ነው የሚያቆሙት።

6ኛ፦ ከመርፌው በኋላ

ከአልጋው እንደተነሣችሁ ካልሲው ይለበስና 10 ወይም 20 ደቂቃ በእግር መንገድ ነው። ታክሲ ውስጥ ዘሎ መግባት አይደለም። ካልሲው ሐኪሙ እንዳለው ለቀናት ወይም ለሳምንታት ይቆያል። ለሁለት ሳምንት ያህል ሙቅ መታጠቢያ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ሳውና፣ ከባድ ስፖርትና በታከመው ቦታ ላይ ፀሐይ ይቅርባችሁ። በሁለተኛው ምዕራፍ ያልኳቸው የአስቸኳይ ምልክቶች በእነዚህ ቀናት ከታዩ ደውሉ አልላችሁም፤ ሂዱ።

በመጀመሪያው ሳምንት እግሩ ከበፊቱ የባሰ ይመስላል። ይበልዛል፣ መስመሮቹ ይጠቁራሉ። እኔ በአምስተኛው ቀን መስታወት ፊት ቆሜ «ምን ነካኝ?» ብያለሁ። ቀጫጭኖቹ ከ3 እስከ 6 ሳምንት፣ ወፈር ያሉት ከ3 እስከ 4 ወር ይወስዳሉ። ቀጣዩ ዙር የሚያስፈልግ ከሆነ ቢያንስ አራት ሳምንት ጠብቆ ነው። የተዘጋው ብዙውን ጊዜ አይመለስም፤ ሰውነት ግን አዲስ ማውጣቱን አያቆምም፤ ስለዚህ ያ የመጀመሪያው ፎቶ አይጥፋባችሁ። በሦስተኛው ወር በዚያው መስኮት፣ በዚያው ሰዓት፣ ማስመሪያውን አጠገቡ አድርጋችሁ ሌላ አንሡና ሁለቱን ጎን ለጎን እዩአቸው።